የጥላ መርሐ ግብር

ሐምሌ ነበረ ያኔ።
አራት ኪሎ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሹራብ ደርቤ እኔ፣
መስኮቱን ዝናብ ሲደልቀው፣ ጣቴን በትንፋሼ እያሞቅኩ፣
ለድሬ ተማሪ ግቢ በእርሳስ አረቀቅኩ።
«የአየር ጠባይ፦ ሞቃት» ይላል ሰነዱ ላይ፤
ቃል ነው፤ ቃል አያልበውም፤ አለፍኩት ሳላይ።
ባለ አራት ፎቅ መስታወት ወደ ምዕራብ አዙሬ፣
ሰፊ አደባባይ በኮንክሪት አሳምሬ፣
ዛፉን በአረንጓዴ እርሳስ፦ ክብ፣ ክብ፣ ክብ፣
ለሥሩ ሳላስብ።
ለዓይን ያምር ነበረ፤ ጨረታውን አሸነፈ።
ሰባት ዓመት አለፈ።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ጠሩኝ፦ «ንጣፉ ተሰንጥቋል፤ ናና እይ።»
ከባጃጅ ስወርድ በሩ ላይ፣
ፀሐይዋ ከላይ፣ ንጣፉ ከታች፣ መስታወቴ ከጎን፣
ሦስቱ እንደ ቀማኛ ከበው ገፈፉኝ ወዜን።
አደባባዬን ፈለግሁት፤ አንድ ሰው የለበትም፤
በቀትር እንሽላሊት እንኳ አይደፍረውም።
«ተማሪውስ?» አልኩት ዘበኛውን፣ ሙሜን።
«አቦ! ተማሪ ከፈለግክ ተከተል ኒሟን።»

ከመጋዘኑ ኋላ፣ ፕላኔ ላይ የሌለች፣
ወፍ ዘሯን ጥሎ ይሁን፣ ማንም ሳይተክላት የበቀለች፣
የቧንቧ ፍሳሽ ያሳደጋት አንዲት ኒም አለች።
ጠዋት ጥላዋ ወደ ምዕራብ ሲነጠፍ ሰው ተዘርግቶ ይቀመጣል፤
ረፋድ ላይ ጥላው ሲሰበሰብ ወንበሩም ይሰበሰባል፤
ከሰዓት ወደ ምሥራቅ ሲዞር፣ ሁሉም ደብተሩን አንሥቶ ይዞራል።
የነርሲንጓ ኢፍቱ ኖራ በጣሳ ይዛ
የጥላውን ጠርዝ ታሰምራለች፣ እንደ ቀያሽ ተክዛ።
«ይኼ የሦስት ሰዓቱ መስመር፣ ይኼኛው የስድስቱ፤
ለፎቶ ነው ሕንፃው፤ እዚህ ነው ትምህርቱ።»

ጽዳት ሠራተኛዋ ዘሐራ በሻሿ ፊቷን እያራገበች፣
ማንነቴን ሳታውቅ አጠገቤ ተቀመጠች።
«መስኮት ሠርተው የማይከፈት! ንፋስ ምን በደለ?
ኤሲው በመብራት ነው፤ መብራት ደግሞ መጣ፣ ሄደ፣ የለ።
እንዲያው ምነው ባገኘሁት ይኼን የሳለውን ሰውዬ፣
በዘጠኝ ሰዓት፣ ፎቅ ላይ፣ መወልወያዬን ባስያዝኩት፣ ጌታዬ!»
ዝም አልኩ።
ያ «ሞቃት» የሚለው ቃል ያኔ ነው ያላበው።

ማታ ሙሜ ከዚራ ወሰደኝ፣ የድሮ የባቡር ሠራተኞች ቤት ጋ።
ግድግዳው ክንድ ይውጣል፤ በረንዳው ዙሪያውን ተዘርግቷል፤
ጣሪያው ሽቅብ ርቆ ሙቀቱን እላይ ሰቅሎታል፤
ንፋሱም በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል፣
እንደ ጎረቤት፣ ሳያንኳኳ።
«እዚህ መሃል ከተማ ቆሞ ሳለ፣ ማን ደበቀባችሁ?
ምነው አንዴ እንኳ ብትጠይቁን መጥታችሁ?»
ከዚያ በዱላው ደቻቱን አሳየኝ፣ የደረቀ አሸዋውን፦
«ያ ንጣፍህ ውሃ አይጠጣም፤ ወደዚህ ይሰደዋል ጎርፉን።
ይኼ ደግሞ ሲሞላ ሰው አይለይም።»
ከዚህ በኋላ አልተናገረም።

ጠዋት ስንጥቁን ተከተልኩት፣ በጣቴ እየዳሰስኩ፤
ኮንክሪቴን ከሥር ያነሣው ዘንድ ደረስኩ፦
የኒሟ ሥር ነበር።
ቅጹ ተሞልቶ ቆይቶኛል፤ የጎደለው ፊርማዬ ነው፦
«የጉዳቱ ምክንያት፦ ዛፍ። መፍትሔ፦ ይቆረጥ» የሚለው።
ሰረዝኩት። ጻፍኩ፦ «የጉዳቱ ምክንያት፦ ንድፉ።
መፍትሔ፦ ዛፏ ትቆይ፤ ይነሣ ንጣፉ።
መስኮቱ ይከፈት። ምዕራቡ በረንዳ ይልበስ። ውሃው ይውረድ ወደ ሥሩ።
የሚቀጥለው ንድፍ በግንቦት ይሠራ፣ ያለ ሹራብ፣ እዚሁ፣ ከነሐሩሩ።»

አይቀበሉኝ ይሆናል። በጀት የለም ይሉኝ ይሆናል።
አላውቅም።

አራት ኪሎ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ዝናቡ ጀምሮ ሳለ፣
ጫማዬን ባወልቅ ጠርዙ ላይ ነጭ ኖራ አለ።
አልጠረግሁትም።
የስድስት ሰዓቱ መስመር ይመስለኛል፣
ጥላው እጅግ የሚጠብበት።